ከመጨረሻው ጠረጴዛ

የአንድ ውድድር ውጤት ሲወጣ ሰው ሁሉ ዓይኑን የሚጥለው በመጀመሪያው መስመር ላይ ነው። ማን አሸነፈ? ማን ሁለተኛ ወጣ? እኔ ግን የዓለም አማተሮችን የጎ ሻምፒዮና ውጤት ማንበብ የምጀምረው ከታች ነው። ከመጨረሻው ስም ተነሥቼ ወደ ላይ እወጣለሁ። እዚያ ታች ስምንት ዙር ተጫውቶ አንድ ጊዜ ብቻ ያሸነፈ፣ ወይም ጨርሶ ያልቀናው ሰው ስም አገኛለሁ፤ ከስሙ አጠገብ የአገሩ ስም ተጽፏል። ይህ ሰው ከቤቱ ወጥቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ አራት ቀን ሙሉ በቀን ሁለት ሁለት ጊዜ ሰሌዳ ፊት ተቀምጦ፣ ተሸንፎ ተመለሰ። ሲሄድም አንደኛ እንደማይወጣ አሳምሮ ያውቅ ነበር። ታዲያ ምን ፍለጋ ሄደ?

ጥያቄው የፌዝ አይደለም። ብዙዎቻችን በአንዱ ወይም በሌላው ሥራችን የዚያ ሰው ቢጤዎች ነን። ከእኛ የተሻለ የሚዘምር፣ የተሻለ የሚጽፍ፣ የተሻለ የሚያስተምር እንዳለ እያወቅን እንዘምራለን፣ እንጽፋለን፣ እናስተምራለን። የተሻለው ሰው ከፊታችን መኖሩ ድካማችንን ከንቱ ያደርገዋልን? ካላደረገውስ የድካማችን ዋጋ ከምን ላይ ነው? ይህን ጥያቄ በትልልቅ የፍልስፍና መጻሕፍት ውስጥ ማሳደድ ይቻላል። እኔ ግን በዚህ በትንሹ ውድድር ውስጥ ልከተለው መረጥኩ፤ ምክንያቱም እዚያ ጥያቄው ሥጋ ለብሶ፣ ወንበር ስቦ ተቀምጦ ይታያል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ማብራሪያ ያስፈልጋል። ጎ በቻይና የተወለደ፣ ከ2,500 ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳለው የሚነገርለት የሰሌዳ ጨዋታ ነው። ቻይናውያን ዌይቺ፣ ኮሪያውያን ባዱክ፣ ጃፓናውያን ኢጎ ወይም ባጭሩ ጎ ይሉታል። ሰሌዳው 19 አግድም፣ 19 ቁልቁል መስመሮች አሉት፤ የጨዋታው ሜዳም መስመሮቹ የሚገናኙባቸው 361 ነጥቦች ናቸው። አንዱ ተጫዋች 181 ጥቁር፣ ሌላው 180 ነጭ ጠጠሮች ይዘው፣ በየተራ አንድ አንድ ጠጠር በባዶ ነጥብ ላይ ያስቀምጣሉ። በእኛ ገበጣ፣ በስዋሂሊ ጠረፍም ባኦ በሚባለው ዘመዱ፣ ጠጠር ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ ይዞራል፤ የጎ ጠጠር ግን አንዴ ከተቀመጠ ከቦታው አይነቃነቅም። በባላጋራው ጠጠሮች ዙሪያውን ተከብቦ መተንፈሻ ሲያጣ ብቻ ከሰሌዳው ይነሣል። በመጨረሻ የበለጠ መሬት ያጠረው ያሸንፋል። ሕጉን ልጅ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይማረዋል፤ ዕድሜውን ሙሉ የተጫወተ ሽማግሌ ግን ጨርሼ አወቅሁት አይልም።

እኔ ከጨዋታው ጋር የተዋወቅሁት በሥራዬ ምክንያት ነው። የዛሬ ብዙ ዓመት ስለ ምሥራቅ እስያ ባህል የሚያወሳ ጽሑፍ ስተረጉም፣ ቻይናውያን ለዚህ ጨዋታ ካወጡለት ቅጽል ስሞች አንዱ ‹‹የእጅ ጭውውት›› እንደሆነ አነበብኩ። ቋንቋ የማይጋሩ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ አንዱ ጠጠሩን ሲያስቀምጥ አንድ ነገር ይላል፤ ሌላው በጠጠሩ ይመልስለታል። አስተርጓሚ የማያስፈልግበት ጠረጴዛ በዓለም ላይ መኖሩ እንደ ባለሙያ ትንሽ ቢያስደነግጠኝም፣ እንደ ሰው ደስ አሰኘኝ። ከዚያ ወዲህ ጨዋታውን በመጠኑ ተማርኩ፤ ከሁሉ በላይ ግን ውድድሩን መከታተል ልማድ ሆነብኝ።

የዓለም አማተሮች የጎ ሻምፒዮና የተጀመረው በ1979 በቶኪዮ ሲሆን የመጀመሪያው አሸናፊ ቻይናዊው ኒየ ዌይፒንግ ነበር። ዓለም አቀፉ የጎ ፌዴሬሽን የተመሠረተው ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1982 ነው። እየቆየ የጸናው ደንብ ከአንድ አገር አንድ ተጫዋች እንዲመጣ ያዛል። በዚህም ደንብ ከቢሊዮን በላይ ከሆነ ሕዝብ መካከል ተጣርቶ የመጣው ቻይናዊና፣ በአገሩ ውስጥ ጎ የሚጫወቱትን ሁሉ በየስማቸው ሊጠራ የሚችለው ሰው፣ በአንድ አዳራሽ እኩል አንድ አንድ ወንበር ያገኛሉ። ከአፍሪካ ደቡብ አፍሪካና ማዳጋስካር ተጫዋቾቻቸውን ልከዋል። በ2013 የተካሄደው ውድድር የተዘጋጀው በሰንዳይ ነበር፤ ያች የጃፓን ከተማ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በመጋቢት 2011፣ የምድር መንቀጥቀጥና ሱናሚ የመታት ናት።

ወንበሩ እኩል ቢሆንም ተጫዋቾቹ እኩል አይደሉም። ከ1979 እስከ 2019 በተካሄዱት ውድድሮች ሁሉ አንደኝነቱ ከምሥራቅ እስያ ወጥቶ አያውቅም፤ ከቻይና፣ ከጃፓን፣ ከኮሪያ፣ ከሆንግ ኮንግና ከታይዋን መካከል ሲዘዋወር ኖሯል። ጨዋታው ራሱ ለፍትሕ የሚጨነቅ ነው። ጥቁር ቀድሞ ስለሚጀምር ያልለፋበት ብልጫ ያገኛል፤ ስለዚህ ለነጭ ኮሚ የሚባል ካሳ፣ በጃፓን ደንብ 6 ነጥብ ተኩል፣ ይሰጠዋል። ይህም ካሳ ከጥንት የነበረ አይደለም፤ በሙያተኞች ውድድር ሥር የሰደደው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ሰዎች መቅደም ራሱ ብልጫ መሆኑን አምነው ለመቀበል ብዙ ዘመን ፈጅቶባቸዋል ማለት ነው። ነገር ግን ኮሚ የሚክሰው በሰሌዳው ላይ መቅደምን ብቻ ነው። በስድስት ዓመቱ አስተማሪ ፊት የተቀመጠውን የሴኡል ልጅና፣ በሠላሳ ዓመቱ ጨዋታውን ከመጽሐፍ የተማረውን ሰው የሚያስተካክል ካሳ የለም።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። የማያሸንፍ ሰው ለምን ይጫወታል? ለዚህ ጥያቄ ሦስት የተለመዱ መልሶች አሉ፤ ሦስቱም እውነት ይመስላሉ፤ ሦስቱም ግን አያረኩም።

የመጀመሪያው ‹‹ዋናው መሳተፍ ነው›› የሚለው ነው። ይህ ደግ ቃል ነው፤ ተሸናፊን ለማጽናናት ይበጃል። ነገር ግን ከልቡ ‹‹እኔ የመጣሁት ለመሳተፍ ብቻ ነው›› ብሎ የተቀመጠ ተጫዋች ባላጋራውን ያዋርዳል። በእጅ ጭውውት ውስጥ እንደ ነገሩ የተጣለች ጠጠር፣ ሳያዳምጡ ‹‹አዎን፣ አዎን›› እንደ ማለት ናት። ፊት ለፊት የተቀመጠው ሰው ወዲያው ያውቃታል። መሳተፍ ዋጋ የሚኖረው ለማሸነፍ የሚጥር ሰው ሲሳተፍ ነው፤ ስለዚህ መልሱ ጥያቄውን መልሶ እኛው ላይ ይጥለዋል።

ሁለተኛው መልስ የተስፋ መልስ ነው። ‹‹ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል›› እንላለን። ለአሥር ዓመት ልጅ ይህ እውነት ነው። አርባ አምስት ዓመት የሞላው፣ ሥራና ቤተሰብ ያለው፣ በሳምንት ሁለት ምሽት ሰሌዳ የሚዘረጋ ሰው ግን ዕንቁላሉ የት ድረስ እንደሚሄድ ያውቀዋል። ትናንት ከነበረበት ትንሽ ይሻሻል ይሆናል፤ የዓለም አንደኛ ግን አይሆንም። ተስፋው ብቻ ቢሆን ያቆመው፣ ገና ድሮ ትቶት ነበር።

ሦስተኛው ‹‹ጨዋታ ነው እኮ! ጊዜ ማሳለፊያ ነው›› የሚለው ነው። ኮንፊሽየስም ይህን ጨዋታ ያነሣው ከሥራ ፈትነት ይሻላል በሚል ዓይነት እንጂ በታላቅ ምስጋና አልነበረም። ነገር ግን በጎ መሸነፍ እንዲህ ቀላል ነገር አይደለም። ዕጣ የለበትም፤ ዳይ አይጣልበትም፤ ዳኛ አላደላበትም፤ ነፋስ ኳሱን አልወሰደበትም። እያንዳንዷን ጠጠር ያስቀመጠው የራሱ እጅ ነው። ተሸናፊው የሚያሳብብበት ነገር ስለሌለው ሕመሙ የጠራ ነው። ጊዜ ለማሳለፍ ብቻ ከሆነ፣ እንዲህ የማያምም ብዙ ማሳለፊያ ሞልቷል።

ሦስቱም ካላረኩን ወደ አዳራሹ ገብተን የሚሆነውን እንይ። ውድድሩ የሚመራው የስዊስ ሥርዓት በሚባለው አመዳደብ ነው። ተሸንፎ የሚሰናበት የለም። በመጀመሪያው ዙር ያሸነፈ ካሸነፈ ጋር፣ የተሸነፈ ከተሸነፈ ጋር ይገናኛል፤ በሁለተኛውም፣ በሦስተኛውም እንዲሁ። ስለዚህ ዙሮቹ እየገፉ ሲሄዱ ኃይለኞቹ ወደ መጀመሪያዎቹ ጠረጴዛዎች፣ ደካሞቹ ወደ መጨረሻዎቹ እየተሰበሰቡ፣ እያንዳንዱ ሰው አቻውን ያገኛል። በመጨረሻው ቀን፣ በመጨረሻው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡት ሁለት ሰዎች በትክክል የሚመጣጠኑ ናቸው። እነርሱ የሚያደርጉት ትግል ከመጀመሪያው ጠረጴዛ ትግል ያነሰ የጋለ አይደለም።

ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ። ሁለት ተጫዋቾች እኩል ጊዜ ካሸነፉ፣ ደረጃቸው የሚለየው የገጠሟቸው ሰዎች ያገኙት ውጤት ተደምሮ ነው። ብርቱ ሰዎችን የገጠመ ይበልጣል ማለት ነው። ከዚህ የተነሣ፣ ሰኞ ያሸነፈህ ሰው ማክሰኞና ረቡዕ ማሸነፉን ቢቀጥል ለአንተ ይጠቅምሃል፤ አንተ ያሸነፍከውም ሰው በኋላ ቢቀናው ድልህ ይከብራል። ባላጋራህ እንዲወድቅ ሳይሆን እንዲቆም የምትመኝበት ሥርዓት ነው። ብዙ የሕይወት ሥርዓቶች በዚህ መልክ የተሠሩ ቢሆኑ ኖሮ ምቀኝነት ምን ያህል ትራብ ነበር!

ነገር ግን እስካሁን የተናገርኩት ስለ ውድድሩ አመሠራረት ነው፤ የነገሩ ልብ ሰሌዳው ላይ ነው። በጎ ውስጥ አንድ የጠጠር ስብስብ በሕይወት የሚኖረው ‹‹ሁለት ዓይን›› ሲኖረው ነው ይባላል፤ ይኸውም ባላጋራው ሊደፍናቸው የማይችላቸው ሁለት የተለያዩ ባዶ ቦታዎች ናቸው። ሁለት ዓይን ያለው አይሞትም፤ አንድ ብቻ ያለው ከተከበበ ይሞታል። በጨዋታው መካከል ተጫዋቹ ደጋግሞ ራሱን የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ይህ ስብስብ ሕያው ነው ወይስ ሙት? ካልዳነስ የምታድነው ነጥብ የትኛዋ ናት? እንግዲህ ልብ እንበል፤ ይህ ጥያቄ እውነተኛ መልስ አለው። መልሱም ጠያቂው ሻምፒዮን ስለሆነ ወይም መጨረሻ ስለወጣ አይለወጥም። በመጨረሻው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ሰው ግንባሩን ይዞ ሃያ ደቂቃ ካሰበ በኋላ ያችን የምታድን ነጥብ ሲያገኛት፣ ያገኛት ሙሉዋን ነው። የግማሽ ሰው እውነት፣ የሁለተኛ ደረጃ እውነት ብሎ ነገር የለም። ሻምፒዮኑ በሦስት ሰከንድ ያያት ነበር፤ ይህ ግን የሻምፒዮኑን ፍጥነት ይናገራል እንጂ የነጥቧን ዋጋ አይቀንሰውም።

የማያሸንፈው ሰው ፍለጋው ምን እንደሆነ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። ደረጃ ሰዎችን እርስ በርስ ያስተያያል፤ ሥራ ግን ሰውን ከነገሩ ጋር ያገናኛል። ሁለቱ የተለያዩ ዝምድናዎች ናቸው። ከሰው ጋር ስንተያይ ከሺህ አንድ ሰው ብቻ ነው አንደኛ የሚሆነው፤ ከነገሩ ጋር ስንገናኝ ግን እያንዳንዳችን በቀጥታ፣ ያለ ወረፋ እንገናኛለን። ይህንንም ለማየት ከጨዋታው በኋላ የሚሆነውን መመልከት ይበቃል። በጎ ባህል ሁለቱ ተጫዋቾች ጨዋታው ሲያልቅ ወዲያው አይነሡም። ጠጠሮቹን እንደ ነበሩ መልሰው እያስቀመጡ ‹‹እዚህ ላይ በዚህ በኩል ብትመጣብኝ ኖሮ አልቆልኝ ነበር›› ይባባላሉ። አሸናፊው ራሱ እንዴት ሊሸነፍ ይችል እንደነበር ለተሸናፊው ያሳየዋል። አሁን አሸናፊና ተሸናፊ የለም፤ አንድ ነገር ላይ ያጎነበሱ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው።

ታዲያ አማተር የሚለውን ቃል ምን ብለን እንተርጉመው? ቃሉ በላቲን ሥሩ ‹‹ወዳጅ፣ አፍቃሪ›› ማለት ነው። በእኛ አነጋገር ግን ‹‹ገና ያልደረሰ›› የሚል ቃና አለው። በየቀበሌው አዳራሽ ይለማመዱ የነበሩትን የአማተር የቴአትር ክበባት ስናስታውስ፣ ወደ ትልቁ መድረክ ለመውጣት የሚጠባበቁ ወጣቶች ናቸው የሚታዩን። በጎ ሻምፒዮናም ሁለቱም ዓይነት አማተር አለ። ከኮሪያ ወይም ከቻይና የሚመጣው ብዙ ጊዜ በልጅነቱ ሙያተኛ ለመሆን ቀን ከሌት ሲሠለጥን ኖሮ፣ የዕድሜ ገደቡ ሲያልፍበት በሩ የተዘጋበት ሰው ነው። ለእርሱ አማተርነት መጀመሪያ ላይ የሽንፈት ስም ነበር። ከትንሽ አገር የሚመጣው ግን ሌላ በር ኖሮት አያውቅም፤ የገባው በፍቅር በር ነው። በአንድ አዳራሽ ውስጥ የመጀመሪያው ጠረጴዛ ሰው ያጣውን እያስታወሰ፣ የመጨረሻው ጠረጴዛ ሰው ያገኘውን እያጣጣመ ሊጫወቱ ይችላሉ።

ከሁለቱም ዓይነት ያልሆነም አለ። የ2000ን ሻምፒዮና ያሸነፈው ጃፓናዊው ሳካይ ሂዴዩኪ የሕክምና ዶክተር ነበር። በተከታዩ ዓመት ሙያተኛ ተጫዋች ሆነ፤ በ2010 ጎሴይ የተባለውን ትልቅ ማዕረግ ተቀዳጀ፤ በ2019 ደግሞ ወደ ሕክምናው ተመለሰ። ይህን ሰው ምን እንበለው? መቼ ነበር አማተር፣ መቼስ ሙያተኛ? ልዩነቱ በደመወዙ ላይ እንጂ በሰሌዳው ላይ አይታይም።

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ ሊቆጣ ይችላል። ‹‹በአካባቢያችን ጦርነትና ረሃብ እያለ፣ ስለ ጠጠር ጨዋታ እንዲህ መራቀቅ ተገቢ ነውን?›› ቢለኝ፣ ቁጣው የሚናቅ አይደለም። የጎ ታሪክም ይህን ጥያቄ ከማንም በከፋ መልክ ተጋፍጦታል። በነሐሴ 1945፣ ሃሺሞቶ ኡታሮና ኢዋሞቶ ካኦሩ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ሆኒንቦ ለተባለው ማዕረግ ይጋጠሙ ነበር። የመጀመሪያውን ጨዋታ ያደረጉት በሂሮሺማ ከተማ ውስጥ ሲሆን፣ ሁለተኛውን ግን ከከተማዋ ወጣ ባለችው በኢትሱካይቺ ነው። ጨዋታው በሦስተኛ ቀኑ፣ ነሐሴ 6 ጠዋት ሊቀጥል ሲል የአቶም ቦምቡ ፈነዳ። መስኮቶች ረገፉ፤ ጠጠሮቹ ተበታተኑ። ሁለቱ ሰዎች የደረሰውን ጥፋት መጠን ገና ሳያውቁ፣ ክፍሉ ተጠርጎ ጠጠሮቹ ወደ ቦታቸው ከተመለሱ በኋላ ጨዋታውን ፈጸሙ፤ ሃሺሞቶ አሸነፈ።

ይህን ታሪክ እንደ ጀግንነት የሚተርኩት አሉ፤ እኔ እንደዚያ ለመተረክ አልደፍርም። ከከተማዋ የሚሸሹ ቁስለኞች በመንገድ ላይ እያሉ መጫወት የሚያስመሰግን አይመስለኝም። የሚያስደንቀኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ኢዋሞቶ፣ ወጣት ሳለ ወደ ብራዚል ተሰዶ ቡና ለመትከል የሞከረው ያ ሰው፣ የቀረውን ረጅም ዕድሜውን ጨዋታው ከአገሩ ውጭ እንዲታወቅ በማድረግ አሳለፈው። ገንዘቡን ሰጥቶ በሳን ፓውሎ፣ በአምስተርዳም፣ በኒው ዮርክና በሲያትል የጎ ማዕከላት እንዲቋቋሙ አደረገ፤ በ1999 በ97 ዓመቱ ሲያርፍ የተዋቸው ወራሾች በእነዚያ ማዕከላት ጠጠር ማስቀመጥ የጀመሩ አማተሮች ነበሩ። ጨዋታ ረሃብን አያስታግስም፤ ቦምብም አያቆምም። ነገር ግን ትናንት ጠላት የነበሩ ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው እንዲነጋገሩ የሚያደርግ ነገር ከከንቱዎቹ ነገሮች መካከል አይቆጠርም። ለቁጣው ያለኝ መልስ ይህን ያህል ነው፤ ከዚህ በላይ ብል ማጋነን ይሆናል።

አሁን ነገሩን ሁሉ ወደ ገለበጠው ክስተት እንለፍ። በመጋቢት 2016 በሴኡል፣ አልፋጎ የተባለ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ከዘመኑ ታላላቅ ተጫዋቾች አንዱ የሆነውን ኮሪያዊውን ሊ ሴዶልን 4 ለ 1 አሸነፈው። በተከታዩ ዓመት ግንቦት ወር ቻይናዊው ኬ ጂየ በዚያው ፕሮግራም 3 ለ 0 ተረታ። ሊ ሴዶል በኅዳር 2019 ከሙያው ሲሰናበት፣ አንደኛ ቢሆን እንኳ ሊሸነፍ የማይችል ኃይል እንዳለ ማወቁን ከምክንያቶቹ ቆጥሮታል። በ2023 አንድ አሜሪካዊ አማተር ከኃያላኑ ፕሮግራሞች አንዱን ከ15 ጨዋታ በ14ቱ ማሸነፉ ሲሰማ ብዙዎች ተጽናንተው ነበር፤ ነገር ግን የፕሮግራሙን ድክመት ፈልጎ ያገኘው ሌላ ፕሮግራም ነበር።

የሊ ሴዶልን ሐዘን አልንቅም፤ ከሰው ሁሉ በላይ ለመሆን ለኖረ ሰው የበላይነቱ ትርጉም ሲያጣ መሬት ይከዳዋል። ነገር ግን በ2016 በመጀመሪያው ጠረጴዛ ላይ የወደቀው ጥያቄ አዲስ አልነበረም። ‹‹ፈጽሞ የማላሸንፈው ካለ ለምን እጫወታለሁ?›› የሚለውን ጥያቄ በመጨረሻው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡት ሰዎች ከ1979 ጀምረው በየዓመቱ ሲመልሱት ኖረዋል። መልሳቸውንም በንግግር አልሰጡም፤ በሚቀጥለው ዙር ሰዓቱ ሲደርስ መጥተው በመቀመጥ ነው የሰጡት። ማሽኑ ያደረገው ሁላችንንም ወደ እነርሱ ጠረጴዛ ማምጣት ነው። ጠቢባኑ በዚያ የማያውቁት ቦታ ግር ሲላቸው፣ ደካሞቹ ግን ቤታቸው ነበር።

‹‹ሁላችንንም›› ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከሃያ ዓመት በላይ በትርጉም ሥራ ኖሬያለሁ። ለዓመታት ሥራ ይሰጠኝ የነበረ አንድ ድርጅት በቅርቡ፣ ከእንግዲህ ጽሑፉን በመጀመሪያ የሚተረጉመው ማሽን እንደሆነና የእኔ ድርሻ ማረም ብቻ እንደሚሆን ነገረኝ፤ ክፍያውም በዚያው ልክ ወረደ። ማሽኑ በአማርኛ ገና ብዙ ይሳሳታል፤ አንቱታውን ከአንተታው ያምታታል፤ ቅኔ ሲያጋጥመው ሰሙን ይዞ ወርቁን ይጥላል። ይሁን እንጂ እኔ በሁለት ቀን የምጨርሰውን በጥቂት ሰከንዶች ይጨርሰዋል፤ ለብዙ ደንበኛም ያ በቂ ነው፤ ነገም ከዛሬው ይሻላል። ያን ቀን ማታ የውድድሩን ውጤት እንደ ልማዴ ከታች ጀምሬ ሳነብ፣ የማነበው ስለ ሌላ ሰው አለመሆኑ ገባኝ።

እዚህ ላይ ሐቀኛ መሆን ያስፈልጋል። የጎ አማተሩ ተሸንፎ ሲመለስ ሰኞ ጠዋት የሚገባበት ሌላ ሥራ አለው። እኔ በትርጉም ብሸነፍ የቤት ኪራይ የሚከፍልልኝ የለም። ስለዚህ ‹‹በፍቅር ሥራው፣ ደረጃውን ተወው›› የሚለው ምክር እንጀራው ለተወሰደበት ሰው ስድብ ሊሆን ይችላል። ጥያቄዎቹ ሁለት ናቸው። አንዱ ‹‹በምን እኖራለሁ?›› የሚል ነው፤ እርሱ የገበያ፣ የሕግና የፍትሕ ጥያቄ ስለሆነ ምንም ዓይነት ጨዋታ አይመልሰውም፤ መታገልም የሚገባው በገበያና በሕግ ዘንድ ነው። ሁለተኛው ‹‹የሠራሁት ሁሉ ዋጋ ነበረውን? ከእንግዲህስ ይኖረዋልን?›› የሚል ነው። ሥራ ሲወሰድብን ሁለቱ ተደባልቀው ይመጡብንና፣ ኪሳችን ባዶ ስለሆነ ሕይወታችንም ባዶ የነበረ ይመስለናል። የመጨረሻው ጠረጴዛ ሰዎች ያስተማሩኝ ሁለቱን እንድለይ ነው። የመጀመሪያውን ጥያቄ አልመለሱልኝም፤ የሁለተኛውን መልስ ግን በየዓመቱ አይቼዋለሁ።

አንድን ዓረፍተ ነገር ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላ ለማሻገር ግማሽ ሌሊት የታገለ ሰው፣ ትክክለኛዋን ቃል ሲያገኛት ያገኛት ሙሉዋን ነው። ማሽኑ በቅጽበት ያገኛት ይሆናል፤ ያችን ቃል መፈለግ በእኔ ላይ የሠራውን ግን ማሽኑ አይሠራልኝም። ሁለቱን ቋንቋዎች የማውቃቸው በዚያ ፍለጋ ነው፤ በሁለቱ ቋንቋዎች የሚናገሩትን ሰዎችም እንዲሁ። ሰው ከራሱ የሚበልጥ ነገር ጋር የሚገናኝበት ሥራ፣ የተሻለ ሠሪ ስለመጣ ብቻ ግንኙነቱ አይፈርስም። የሚፈርሰው ከመጀመሪያውም ሥራውን ከሌሎች ለመብለጫ ብቻ ለያዘው ሰው ነው።

ከጥቂት ወራት ወዲህ ማታ ማታ ማንም ያላዘዘኝን፣ ማንም የማይከፍልበትን አንድ መጽሐፍ አንድ አንድ ገጽ እየተረጎምኩ ነው። ቀን ቀን ደግሞ የማሽኑን አርማለሁ፤ መኖር ያስፈልጋላ። የውድድሩንም ውጤት አሁንም ከታች ጀምሬ አነባለሁ። በስምንተኛው ዙር፣ በመጨረሻው ጠረጴዛ ላይ፣ ማዕረግም ሽልማትም የማይጠብቃቸው ሁለት ሰዎች ይቀመጣሉ። ሌሎቹ ጨርሰው እየወጡ ነው፤ በመጀመሪያው ጠረጴዛ ዙሪያ ፎቶግራፍ ይነሣል። ከሁለቱ አንዱ ጠጠሩን በጣቶቹ መካከል ይዞ፣ ጥግ ላይ ያለው ስብስቡ ይኑር ይሙት ገና እያሰበ ነው። ሌላው በትዕግሥት ይጠብቀዋል፤ ምክንያቱም እርሱም መልሱን ማወቅ ይፈልጋል።